ስለ መሮና ስለ መላጊያ ምላጭ አሳሳል

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በእንጨት ሥራ ክበብ አባሎች የተነገረ ንግግር



በዚህ በዓል ላይ የመናገር ተራ ለእንጨት ሥራ ክበብ ሲሰጥ፥ የቴያትሩ ክበብ ሰውን እንደሚያስቅ፥ የሙዚቃውም ክበብ እንደሚያስጨበጭብ ስለምናውቅ፥ «እኛስ ምን ይዘን እንቅረብ?» ብለን ብዙ ተመካከርን። በመጨረሻም ስለ መሳል እንድንናገር ተስማማን። አማርኛችን በዚህ ቃል ላይ ለጋስ ነው። ሥዕል የሚሠራውም ሳለ ይባላል፤ ጉንፋን የያዘውም ሳለ ይባላል፤ ወደ ቁልቢ ሄዶ ስለት የሚያገባውም ተሳለ ይባላል። እኛ ዛሬ የምንናገረው ስለ አራተኛው፥ ማለት ብረትን በድንጋይ ላይ ፈግፍጎ ስለታም ስለ ማድረግ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። የተሰበሩ ዴስኮች ከየክፍሉ እየወጡ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ተከምረው ስላየን፥ ክበባችን «ለበዓሉ ጠግነን እናደርሳቸዋለን» ብሎ ቃል ገባ። ቃል መግባት ቀላል ነው። መሣሪያ ፍለጋ ወደ ዕቃ ቤቱ ስንገባ፥ ለቁራጭ ብረት ገዢ ሊሸጡ ከተለዩት ዕቃዎች መካከል አንድ የእንጨት ሣጥን አገኘን። በውስጡ ዐሥራ አንድ መሮዎች፥ ሦስት የብረት መላጊያዎች፥ መካከሉ እንደ ሳሕን የጎደጎደ አንድ መሳያ ድንጋይ ነበረ። ከነዚህም ሌላ ሁለት መንጋጋና አንድ ትንሽ ጎማ ያለው፥ በመዳፍ ውስጥ የሚያዝ፥ ምንነቱን ማንኛችንም ያላወቅነው የብረት ዕቃ ነበረ። ይህን የመጨረሻውን ዕቃ ነፋስ ወረቀታችንን እንዳይወስድብን መጫኛ አደረግነው። በዕቃ ቤቱ መዝገብ ላይ ሣጥኑ ከነሙሉ ዕቃው «አሮጌ ብረታ ብረት» ተብሎ በኪሎ ተጽፏል።

መሮዎቹ ዝገዋል፥ ደንዝዘዋልም። የመጣልን የመጀመሪያ ሐሳብ የብረት በር ወደሚሠሩ ሰዎች ወስደን በኤሌክትሪክ በሚሽከረከረው ድንጋይ ማስሞረድ ነበር። የእሳቱ ብልጭታ እንደ ርችት ሲረጭ ደስ አለን። የመሮው ጫፍ ወደ ሰማያዊ ሲለወጥም «እንዴት ያምራል!» ብለን አደነቅን። በማግስቱ ግን ያ ያማረው መሮ እንጨቱን ሁለት ሦስት ጊዜ እንደ ነካ ጫፉ እንደ ቆርቆሮ ተጠቀለለ። ምክንያቱን ያወቅነው ኋላ ነው። መሮና የመላጊያ ምላጭ የሚሠሩት ካርቦን ካለበት ዐረብ ብረት ሲሆን፥ ጥንካሬያቸውን የሚያገኙት ግሎ ከቀላ በኋላ በድንገት በመቀዝቀዝ፥ ቀጥሎም በልክ እንደገና በመሞቅ ነው። ብረቱ ዳግመኛ ሲሞቅ በ220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የገለባ ቀለም ያወጣል፤ ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ ሆነ ማለት ሠሪው የሰጠው ጥንካሬ ሄደ ማለት ነው። ሁለት መሮዎች በዚህ መንገድ አበላሸን። ጥፋቱ የበር ሠሪዎቹ አይደለም፤ እነርሱ የለመዱት በር ነው፤ «ሳሉልን» ብለን የሰጠናቸው እኛ ነን።

ከዚያ በኋላ የደረሰው ግን ከሁለት መሮ የሚበልጥ ነው። የቀሩትን መሮዎች እንዳሉ፥ ደንዝዘው ሳሉ፥ ለሥራ ተጠቀምንባቸው። ከጓደኞቻችን አንዱ የዴስክ እግር ምላስ የሚገባበትን ቀዳዳ ሲያጸዳ፥ መሮው አልቆርጥ ስላለው በሙሉ ኃይሉ ገፋው። መሮው እንጨቱን ሳይቆርጥ ሾልኮ እንጨቱን የያዘውን ግራ እጁን ወጋው። በሐኪም ቤት አራት ጊዜ ተሰፋ። ዛሬ እጁ ድኖ ከመካከላችን ተቀምጧል፤ ስሙን እንዳንጠራ ስለ ለመነን አንጠራውም። በዚያን ሰሞን ወላጆች ወደ ትምህርት ቤቱ መጥተው «ይህ ክበብ ይዘጋ፤ ልጆቹ ስለታም ነገር አይንኩ» አሉ። አልፈረድንባቸውም። ነገር ግን የልጁን እጅ የወጋው ስለታምነት እንዳልሆነ ለማስረዳት ያን ጊዜ ቃል አጠረን፤ ዛሬ በዚህ ቦታ የቆምነውም አንዱ ስለዚሁ ነው።

ስለታም መሮ በትንሽ ግፊት ይቆርጣል፤ እጅም ገና ኃይሉን ሳያወጣ እንጨቱ ይታዘዝለታል፥ ለማቆምም ጊዜ ያገኛል። የደነዘ መሮ ግን ከሰው ኃይል ይጠይቃል፤ ኃይሉ ተጠራቅሞ በድንገት ሲለቀቅ መሮው ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም። እናቶቻችን ይህን ከእኛ አስቀድመው ያውቁታል፤ ሽንኩርት ሲከትፉ ጣት የሚቆርጠው የትኛው ቢላዋ እንደ ሆነ ጠይቋቸው። እርግጥ ስለቱ ብቻ አይበቃም። እንጨቱን በሞርሳ ማሰር፥ ሁለቱንም እጆች ከስለቱ ኋላ ማድረግ ግዴታ ነው። ጓደኛችን ይህንንም አላደረገም፤ ያልነገርነውም እኛው ነን።

ከዚህ በኋላ ከአባሎቻችን አንዷ በሰፈሯ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አናጢ እንዲመጡልን ለመነችልን። አባባ በወጣትነታቸው በምድር ባቡሩ የጥገና ፋብሪካ፥ በእንጨት ሥራ ክፍል የሠሩ ናቸው። እንደሚታወቀው ሁሉ ከተማችን ከባቡሩ ጋር የተወለደች ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፥ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። የባቡሩም ዋና የጥገና ፋብሪካ በዚሁ በከዚራ በኩል ተተከለ። ዛሬ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው አዲሱ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ያልፋል፤ በአሮጌው ፋብሪካ የተማሩ እጆች ግን በየሰፈሩ አሉ። አባባ መላጊያውን «ራቦ»፥ መሮውን «ሲዞ» ይሉታል፤ በፈረንሳይኛ የተማሩት ሥራ ስለ ሆነ ነው። ሣጥኑን ከፍተን ስናሳያቸው አንድ መሮ አንሥተው ወደ ፀሐይ አዞሩትና «ልጆቼ፥ ይህ ዝገት ነው እንጂ ሞት አይደለም» አሉን። ሰማያዊ ያደረግናቸውን ሁለቱን ሲያዩ ግን ምንም ሳይናገሩ ለብቻ አስቀመጧቸው።

አባባ በመጀመሪያ ያሳዩን ስለትን በዐይን ማየት ነው። የደነዘን መሮ ጫፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ በብርሃን ፊት ብትይዙት፥ በጠርዙ ላይ አንዲት ቀጭን የብርሃን መስመር ታበራለች። ይህች መስመር የደነዘው፥ የተድበለበለው ጠርዝ ነው፤ ብርሃንን ለመመለስ የሚበቃ ስፋት አለውና። የተሳለ መሮ ግን ከጠርዙ ላይ ምንም አያበራም፤ ጫፉ ጨለማ ነው። ለዚህ ምርመራ የድሬዳዋ ፀሐይ ከማንኛውም መብራት ትበልጣለች፤ በቅሬታ ብቻ የምናነሣትን ፀሐይ ለአንድ ጊዜ እንኳ ብናመሰግናት አይከፋም።

እንግዲህ ስለት ምንድን ነው? ሁለት ገጾች የሚገናኙበት መስመር ነው። መሮ አንድ ጠፍጣፋ ጀርባ፥ አንድ ሰያፍ ፊት አለው። ሁለቱም ገጾች እስከ ጫፋቸው ድረስ ለስልሰው በአንድ መስመር ላይ ከተገናኙ፥ ስለት አለ። ከሁለቱ አንዱ ሻካራ ከሆነ፥ ሌላው የቱን ያህል ቢያብረቀርቅ ዋጋ የለውም። እኛ በመጀመሪያ ሰያፉን ፊት ብቻ እንፈግግ ነበር፤ የዝገት ጉድጓድ የሞላበትን ጀርባ ግን ረስተነዋል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እናክላለን፤ ምንም እንኳ ከመሮ ጥቂት ቢያርቀንም ከከተማችን አያርቀንም። ከድሬዳዋ በስተ ደቡብ፥ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በገደሉ ላይ የሚገኘውን ፖርክ ኤፒክ የተባለውን ዋሻ ብዙዎቻችሁ በስም ታውቁታላችሁ፤ ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። ዋሻውን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1929 አንሪ ደ ሞንፍሬድና ቴያር ደ ሻርዳን ለሊቃውንት አስታወቁት፤ በ1933ም ተቆፈረ። በውስጡ ከተገኙት ነገሮች መካከል ከባልጩትና ከሌላ ድንጋይ የተሠሩ ሹል ጫፎች ይገኛሉ። ከባልጩቱም ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ከራቀ ቦታ የመጣ እንዳለ በምርመራ ታውቋል። ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት በዚያ የነበሩ ሰዎች ቀለም የሚሆን ቀይ አፈርን በድንጋይ ላይ ይፈግፉ እንደ ነበር፥ ከ4,000 የሚበልጥ ቁራጭና 40 ኪሎ የሚመዝን ቀይ አፈር ምስክር ሆኖ ተገኝቷል። በደቡብ አገራችን በኮንሶም ቆዳ የሚፍቁ እናቶች የድንጋይ መፋቂያቸው ሲደነዝዝ ጠርዙን እየሸረፉ እንደገና ስለታም ሲያደርጉት በዘመናችን ሊቃውንት አይተው ጽፈዋል። ስለዚህ በዚህች ሸለቆ አንድ ነገርን በድንጋይ ላይ መፈግፈግ ከባቡሩም፥ ከከተማውም፥ ከብረትም የቀደመ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ድንጋዮቹ እንመለስ። መሳያ ድንጋይ ከተፈጥሮ የሚገኝ አለ፤ ለምሳሌ ያህል በአሜሪካ አርካንሶ ከሚባለው ክፍለ ሀገር፥ በቤልጅግም፥ በጃፓንም የሚቆፈሩት የታወቁ ናቸው። በሰው እጅ የሚሠራም አለ። ኤድዋርድ አቺሰን የተባለው አሜሪካዊ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1891 ካርቦረንደም የተባለውን ጽኑ ነገር በኤሌክትሪክ ምድጃ ካገኘ ወዲህ፥ ርካሽ መሳያ ድንጋይ በዓለም ተስፋፋ። አንዳንዱ ድንጋይ በዘይት፥ አንዳንዱ በውኃ ይሠራል፤ የዘይቱም የውኃውም ተግባር የሚፈገፈገው ብረት በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ እንዳይደፍነው ማጠብ ነው። ድንጋዮች በቁጥር ይለያሉ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሻካራ፥ በበዛ መጠን ለስላሳ ነው። እስከ 400 ያለው የተበላሸን ጠርዝ ይመልሳል፤ 1000 ስለት ያወጣል፤ ከ4000 እስከ 8000 ያለው እንደ መስተዋት ያለሰልሳል።

እኛ ግን ይህን ሁሉ ለመግዛት ገንዘብ አልነበረንም። በእጃችን የነበረው ያ መካከሉ የጎደጎደው አንድ ድንጋይ ነው። በጎደጎደ ድንጋይ ላይ የተሳለ ቀጥ ያለ ምላጭ የለም፤ ምላጩ የድንጋዩን መልክ ይይዛልና። አባባ ወፍራም የመስኮት መስተዋት አስመጡን፤ መኪና ቀለም ቀቢዎች በውኃ የሚጠቀሙበትን ጥቁር ብርጭቆ ወረቀት በላዩ አስነጠፉን፤ በድንጋዩ ፊት ላይ በእርሳስ መስመሮች አሠመሩንና «መስመሮቹ ሁሉ እስኪጠፉ ድረስ ፈግፍጉ» አሉን። በዳር ያሉት መስመሮች ወዲያው ጠፉ፤ የመካከሉ መስመር ግን ሁለት ከሰዓት በኋላ ፈጀብን። የመጨረሻው የእርሳስ ምልክት ሲጠፋ የነበረውን ደስታ ያላየ ሰው «ለድንጋይ እንዲህ ይጮኻል?» ይል ይሆናል።

ያው ጥቁር ወረቀት ራሱም መሳያ እንደሚሆን ያወቅነው እዚሁ ላይ ነው። የወረቀቱ ጥቁር ዱቄት ያ አቺሰን ያገኘው ካርቦረንደም ነው። 400፥ 1000፥ 2000 የሚል ቁጥር ያላቸውን ወረቀቶች በመስተዋት ላይ አንጥፎ በውኃ መሥራት ይቻላል። ወረቀት ቶሎ ያልቃል፤ ዓመቱን በሙሉ ሲገዙት ከድንጋይ ይልቅ ገንዘብ ይበላል፤ ግን ዛሬ ለመጀመር ለሚፈልግ ተማሪ ይበቃል። በወረቀት ላይ ሲሠሩ ምላጩን ወደ ራስ መጎተት ብቻ ነው እንጂ ወደ ፊት መግፋት አይገባም፤ ስለቱ ወረቀቱን ይቀደዋል። ስለ ውኃውም አንድ ቃል፤ ድሬዳዋ በመጋቢትና በሚያዝያ ውኃው ከድንጋዩ ላይ ሳይሠሩበት ይደርቃል። በማንቆርቆሪያችን ውስጥ የምናየውን ነጭ ቅርፊት የሚሠራው ጠንካራው ውኃችንም በምላጩ ላይ ነጭ ነጥብ ይተዋል። ስለዚህ ሲጨርሱ በጨርቅ አድርቆ አንድ ጠብታ ዘይት መቀባት ያስፈልጋል። ዘይቱ ሲበዛ ደግሞ የደቻቱን አሸዋ ይሰበስባል።

ጀርባውን በማስተካከል ጀመርን። ሙሉውን ጀርባ ማለስለስ አያስፈልግም፤ ለመላጊያ ምላጭ ከጠርዙ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ይበቃል። ለመሮ ግን ጀርባው በእንጨቱ ላይ ተደግፎ መንገድ የሚመራ ስለ ሆነ፥ ከዚያ ራቅ ብሎ ቢስተካከል ይሻላል። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ደግነቱ ለአንድ ምላጭ በዕድሜው አንድ ጊዜ የሚሠራ ነው።

ሰያፉ ፊት ግን ክርክር አመጣብን። የተለመደው ልክ ፊቱን በ25 ዲግሪ ሞርዶ፥ ጫፉ ላይ ብቻ በ30 ዲግሪ ሁለተኛ ጠባብ ሰያፍ ማውጣት ነው። በመዶሻ ለሚመታና ቀዳዳ ለሚቆፍር መሮ እስከ 35 ይደረሳል፤ በእጅ ብቻ ተገፍቶ ለሚልግ መሮ ደግሞ ዝቅ ይላል። ማዕዘኑ ሲጠብብ በቀላሉ ይቆርጣል፥ ግን ቶሎ ይሸረፋል፤ ሲሰፋ ይጸናል፥ ግን ይከብዳል። ሁለተኛው ሰያፍ የተፈለገበትም ምክንያት ድካም ለማቅለል ነው፤ በየጊዜው ሰፊውን ፊት ሁሉ ከመፈግፈግ ያችን ጠባብ ጠርዝ ብቻ መንካት ይበቃል።

አባባ ማዕዘኑን በእጃቸው ይይዙታል። ክርናቸውን ወደ ጎናቸው ጠጋ አድርገው፥ ምላጩን በድንጋዩ ላይ ሲያመላልሱት እጃቸው እንደ ባቡር በሐዲድ ላይ ይሄዳል፤ ከፍ አይልም፥ ዝቅ አይልም። እኛም እንዲሁ ለማድረግ ሞከርን። እጃችን ወደ ፊት ሲሄድ ይነሣል፥ ሲመለስ ይወድቃል፤ ከሳምንት በኋላ የመሮዎቻችን ፊት እንደ እንቁላል ተድበለበለ። በዚህ መካከል አባባ ከወረቀታችን ላይ ያን መጫኛ ያደረግነውን ብረት አንሥተው ሳቁ። «ይህማ የእንግሊዝ ነው፤ እጁ ገና ላልተማረ ልጅ ምርኩዝ ነው» አሉን።

ዕቃው የመሳያ መያዣ ነው። በጎኑ ላይ ዝገቱን ስንጠርገው «ኤክሊፕስ» የሚል ስም ወጣ፤ በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ የተሠራ ነው። ዛሬ ይህንኑ መልክ ያለው ሌሎችም ይሠሩታል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሁለቱ መንጋጋዎች ምላጩን ከግራና ከቀኝ ጨብጠው በብሎን ይጠበቃሉ፤ ከሥር ያለው ጎማ በድንጋዩ ላይ ይሽከረከራል። ጎማውና የምላጩ ጫፍ ሁለቱም ድንጋዩን ስለሚነኩ ማዕዘኑ ሊለወጥ አይችልም። ማዕዘኑን የሚወስነው ምላጩ ከመያዣው ምን ያህል ወደ ፊት እንደ ወጣ ነው። የጂኦሜትሪ መምህራችን ይህን ሲያዩ ጠመኔ አንሥተው ሦስት ማዕዘን ሣሉልን፤ ቁመቱ ሳይለወጥ ረጅሙ ጎን ሲረዝም ማዕዘኑ ይጠብባል። ለኤክሊፕስ መያዣ ልኩ የታወቀ ነው፤ መሮ 30 ሚሊሜትር ሲወጣ 30 ዲግሪ፥ 40 ሚሊሜትር ሲወጣ 25 ዲግሪ ይሰጣል። የመላጊያ ምላጭ ደግሞ 38 ሚሊሜትር ሲወጣ 30፥ 50 ሚሊሜትር ሲወጣ 25 ይሰጣል። ልኩ የተለያየው መሮው በታችኛው፥ የመላጊያው ምላጭ በላይኛው መንጋጋ ስለሚያዝ ነው። በየጊዜው በማስመሪያ እንዳንለካ በአንድ ጣውላ ላይ አራት ትንንሽ እንጨቶች በየልካቸው መታንበት፤ ምላጩን እስከ እንጨቱ ማስጠጋት ብቻ ነው። በዚህ መያዣ የተሳለው የመጀመሪያው መሮ ፊቱ ጠፍጣፋ፥ ጫፉም በብርሃን ፊት ጨለማ ሆኖ ወጣ። የሳለውም ከሁላችን ታናሹ፥ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ክበባችን በሁለት ተከፈለ ብንል ማጋነን አይሆንም። ግማሾቹ «መያዣ ካለ የእጅ ልምምድ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ግማሾቹ «በመያዣ የሳለ እጅ አይማርም፤ መያዣው የጠፋ ቀን ምን ሊሆን ነው?» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር መያዣው ነውር አለው። ምላጩን ማሰርና ማስተካከል ጊዜ ይፈጃል፤ አባባ በዚያን ጊዜ ስለው ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ጎማው ጠባብ ስለ ሆነ ስድስት ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀጭን መሮ ወዲያና ወዲህ ያዘነብልና ጠርዙ ጠማማ ይወጣል፤ ብሎኑም በደንብ ካልጠበቀ ምላጩ ይንሸራተታል። ቢሆንም «ምርኩዝ» የሚለውን ስም እኛ አንቀበለውም፤ ይህን ለአባባም በአክብሮት ነግረናቸዋል። ሦስት ወር በመያዣ ከሠራን በኋላ አንዳንዶቻችን ያለ እርሱ ስንሞክር እጃችን 30 ዲግሪን ያውቀው ነበር፤ ትክክለኛው ስለት ምን እንደሚመስል ያላየ እጅ ግን ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። አባባም ይህን ሰምተው «እኔንስ አለቃዬ ዓመት ሙሉ በጥፊ አስተምረውኛል፤ የእናንተ ጎማ ይሻላል» አሉን።

ስለት መውጣቱ በምን ይታወቃል? ሰያፉን ፊት ስትፈግፉ ብረቱ በጠርዙ ላይ ተገፍቶ ወደ ጀርባው በኩል እንደ ፀጉር የቀጠነ ክንፍ ያወጣል። አባባ በፈረንሳይኛ «ሞርፊል» ይሉታል፤ እኛ «ጢም» ብለነዋል። አውራ ጣትን ከጀርባው ወደ ጠርዙ፥ ወደ ውጭ፥ በቀስታ ስታንሸራትቱ ጣትን ያዝ ያደርጋል። ጣትን በጠርዙ ርዝመት መጎተት ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው! ጢሙ ከዳር እስከ ዳር ካልወጣ ወደ ለስላሳው ድንጋይ አትለፉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ትዕግሥቱ አልቆ ያልደረሰን ጠርዝ ያብረቀርቃል። ጢሙ ከወጣ በኋላ በለስላሳው ድንጋይ ላይ ፊቱን፥ ቀጥሎ ጀርባውን ፍጹም ጠፍጣፋ አድርጎ፥ እያፈራረቁ ጥቂት ጥቂት መሳብ ነው። በመጨረሻም በጣውላ ላይ በተለጠፈ ቆዳ ላይ ወደ ኋላ ብቻ እየጎተቱ መጥረግ ነው። የኛ ቆዳ ከአሮጌ ቀበቶ የተገኘ ነው፤ የማን ቀበቶ እንደ ነበረ ባለቤቱ ገና አላወቀም።

ምርመራው በእንጨት ነው። ለስላሳ የዝግባ ቁራጭ በሞርሳ አስራችሁ የተቆረጠውን ጫፉን በመሮው ላጉት። የደነዘ መሮ የእንጨቱን ጭረት ይጨፈልቀዋል፥ ገጹም ነጭና ሻካራ ይሆናል፤ የተሳለ መሮ ግን የሚያበራ ለስላሳ ገጽ ትቶ ያልፋል።

የመላጊያው ምላጭ ከመሮው ብዙ ስለማይለይ በአጭሩ እናልፈዋለን። ሁለቱ የጠርዝ ማዕዘኖቹ በእንጨቱ ላይ መስመር እንዳይተዉ በጥቂቱ ይድበለበላሉ። በላዩ የሚታሰረው ሁለተኛው ብረት ከጀርባው ጋር ያለ ክፍተት መግጠም አለበት፤ ክፍተት ካለ ልጣጩ እዚያ ገብቶ ይወተፋል። ለቀጭን ሥራ ይህ ብረት ከስለቱ አንድ ሚሊሜትር ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ይርቃል። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ መላጊያው በዴስኩ ላይ ሲሄድ ልጣጩ እንደ ሽንኩርት ሽፋን ሳስቶ ይወጣል። ስም የተቀረጸበት፥ ቀለም የፈሰሰበት፥ የብዙ ዓመት ተማሪ የተደገፈበት ጥቁር ገጽ ተነሥቶ ከሥሩ ገና ትናንት የተቆረጠ የሚመስል እንጨት ሲገለጥ፥ በዙሪያው የቆሙት ሁሉ ዝም አሉ። አንድ ዴስክ ላይ የተቀረጸ የልብ ሥዕልና ሁለት ፊደል ነበረ፤ እርሱን እንዳንልግ ድምፅ ሰጥተን ተውነው።

ወላጆቻችን ሆይ፥ አንድ አባት በዚያ በተቆጡ ጊዜ «ልጄን ትምህርት ቤት የላክሁት አናጢ እንዲሆን ነው ወይ?» ብለው ጠይቀውናል። ይህ ጥያቄ አሮጌ ነው። በአገራችን ቀጥቃጩም፥ ፋቂውም፥ ሸማኔውም በሙያው ሲሰደብ ኖሯል፤ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያ በሙያው እንዳይሰደብ ዐዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። እኛ ለእኚህ አባት የሰጠናቸው መልስ አጭር ነው፤ ከክበባችን አባሎች ሐኪም ሊሆኑ የሚመኙ አሉ፥ መሐንዲስም የሚመኙ አሉ፥ አናጢ ሊሆን የቆረጠም አንድ አለ፤ ሦስቱም 30 ዲግሪ ምን እንደ ሆነ በእጃቸው ያውቃሉ። አባትየው አልሳቁም፤ ግን ልጃቸውን ከክበቡ አላስወጡም።

ከተከመሩት ዴስኮች ሃያ ስድስቱን ጠግነናል፤ አንዳንዶቻችሁ አሁን የተቀመጣችሁት በእነርሱ ላይ ነው፤ ሲነቃነቅ የሰማ ካለ ከበዓሉ በኋላ ይንገረን። ዐሥራ አራቱ ገና ይቀራሉ። ቁራጭ ኮምፔንሳቶና ኮላ ካገኘን እስከ ሰኔ እንጨርሳቸዋለን ብለን እናስባለን። የሣጥኑ ጉዳይ ግን እስከ ዛሬ አልተወሰነም። በመዝገቡ ላይ አሁንም «አሮጌ ብረታ ብረት» ተብሎ ይገኛል፤ የቁራጭ ብረቱ ሽያጭም ለክረምት ተቀጥሯል። ክቡር ዳይሬክተር፥ ያ መስመር ተሠርዞ በምትኩ «መሮ 9፥ መላጊያ 3፥ መሳያ ድንጋይ 1፥ መያዣ 1፥ በሥራ ላይ ያሉ» ተብሎ እንዲጻፍልን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እንለምናለን። ሁለቱን ያቃጠልናቸውን መሮዎች እኛው ይዘናቸዋል፤ አባባ የተቃጠለው ክፍል እስኪያልቅ ድረስ በቀዝቃዛ ድንጋይ፥ በእጅ፥ ቀስ በቀስ ከተፈገፈጉ ይድናሉ ብለውናል፤ በዚያ ጥፋት ውስጥ የነበርነው በየተራ እየሠራን ነው፤ እስካሁን አራት ሚሊሜትር ሄደናል።

ከዚህ ሥነ ሥርዓት በኋላ በዛፉ ጥላ ሥር ሁለት ጠረጴዛዎች ዘርግተን እንጠብቃችኋለን። አባባም ይገኛሉ። የቤታችሁን ቢላዋ ያመጣችሁ ሁሉ ያለ ገንዘብ ይሳልላችኋል፤ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለውን የዳቦ ቢላዋ ግን እባካችሁ አታምጡብን።